የአባቴ ኤንትሬ ከ11 ዓመት በኋላ፦ ከዘይቱ በፊት ውሃ ወረደ

የሾፌር ልጅ (ደብረ ብርሃን) — ጥቅምት 9፣ ምሽት 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ይረዝማል። ግን ቆራርጬ ከማቀርበው ሁሉንም ብናገር ይሻላል።

አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ብዙ ዓመት በሰው መኪና ነድቶ በመጨረሻ የራሱን የጭነት መኪና፣ ፊያት 682 ኤንትሬ፣ ገዛ። በ1990 ጦርነቱ ተነስቶ አሰብ ሲዘጋ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ጉልበቱ ሲደክም ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ባሕር ዛፍ ስር አቆማትና ቁልፏን እናቴ ሳጥን ውስጥ ከተተው። እነሆ 11 ዓመት ሆናት። እሱም ካረፈ 3 ዓመት አለፈው።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ልነግድባት አይደለም፤ ጭነት የመጫን ሐሳብም የለኝም። ቅዳሜና እሁድ እጄን ዘይት አስነክቼ እሷን ማስነሳት ነው የምፈልገው። ድምጿን ድጋሚ መስማት እፈልጋለሁ። ልጅ ሆኜ ከጣርማ በር በኩል ስትመጣ ከሌላው መኪና ለይቼ አውቃት ነበር።

እስካሁን ባትሪ አላሰርኩም። አባቴ ረዳቶቹን «የቆመ ሞተር በሞተሪኖ አይቀሰቀስም» (ሞተሪኖ በባትሪ የሚዞረው ማስነሻ ነው) ሲላቸው እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ናፍታ የሚረጩትን ኖዝሎች አወጣሁ፣ በየሲሊንደሩ ናፍታና ዘይት ቀላቅዬ ጨመርኩ፣ 5 ቀን ተውኩት። ከዚያ ከፊት በኩል ረጅም ብረት አስገብቼ ሳዞራት መጀመሪያ ንቅንቅ አላለችም። ወደ ኋላ ትንሽ፣ ወደ ፊት ትንሽ እያልኩ ለሰዓት ያህል ታገልኩ። በመጨረሻ ሙሉ ዙር ዞረች። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አሮጌውን ዘይት ልደፋ ከኮፓው (ከሞተሩ የዘይት ገንዳ) ስር ያለውን ቡሎን ፈታሁ። መጀመሪያ የወረደው ዘይት አይደለም። ውሃ ነው። ንጹህ፣ ትንሽ ዝገት ያለው ውሃ፣ 2 ሊትር ግድም። ከዚያ በኋላ ጥቁሩ ዘይት ተከተለ።

አንድ መካኒክ ጠርቼ ነበር። በር ላይ ቆሞ ወሬውን ሰማና «ቴስታው ተሰንጥቋል፣ ሞተሩን ጣልና ሌላ ግጠም» ብሎኝ ሄደ። ቴስታ የሚለው ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን ብረት ነው። ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። እናንተ ምን ትላላችሁ?

371 (አዲስ አበባ) — ጥቅምት 9፣ ምሽት 4:05

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ስሜትህ ይገባኛል፤ የኔም አባት ሾፌር ነው።

እኔ ሲኖ ነው የምነዳው። ከሥራ አንጻር ካየኸው ያ መካኒክ ያለው ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። ከወደቀ ሲኖ ሞተር ከነካምቢዮው ይገኛል። ዕቃው በየከተማው አለ። መንገድ ላይ ብትቆም የሚያውቀው ሰው አታጣም። የኤንትሬ ሞተር የሚያውቁ ሰዎች ግን እያረጁ ነው። ዛሬ ብታድሰው ከ5 ዓመት በኋላ ማን ይነካልሃል? ሻንሲዋና ጋቢናዋ የአባትህ ሆነው ይቀራሉ፣ ሞተሩ ይቀየራል። እስቲ አስብበት።

17 ቁልፍ (ናዝሬት) — ጥቅምት 10፣ ጠዋት 1:15

ልጄ፣ ለአባትህ ነፍስ ይማር። የተናገሩት እውነት ነው። አንተም በእጅህ ማዞርህ ሞተሩን አትርፎታል። በሞተሪኖ ብትመታው ኖሮ ወይ የፒስተኑን ፋሻ ትሰብር ነበር ወይ ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ፣ ከክራንኩ፣ የሚያገናኘውን ቢዬላ ታጣምም ነበር።

አሁን ከጻፍከው ውስጥ አንዷን ዓረፍተ ነገር ልብ በል። «መጀመሪያ ውሃ ወረደ፣ ከዚያ ዘይቱ ተከተለ» ብለሃል። ግማሹ መልስ እዚያ ውስጥ ነው።

ሞተር እየሠራ ውሃ ወደ ዘይት ቢገባ ክራንኩ እየደበደበ ያዋህደዋል። ስትደፋው ሻይ በወተት መስሎ ይወርዳል። ያንተ ግን ተለያይቶ ነው የተቀመጠው። ውሃ ከዘይት ይከብዳል፣ ስለዚህ ከታች ይተኛል። አንተ ቡሎኑን ስትፈታ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። እንግዲህ ውሃው የገባው መኪናዋ ከቆመች በኋላ ነው፣ ጠብ ጠብ እያለ፣ በዓመታት ውስጥ። ለማረጋገጥ የቫልቮላውን ክዳን ከላይ ክፈትና ውስጡን በጣትህ ጥረግ። ነጭ ቅባት የመሰለ ነገር ከሌለ የተናገርኩት ልክ ነው።

ቴስታ እንዲህ ቀስ ብሎ ወደ ታች የሚያንጠባጥብበት ጊዜ አለ። ግን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን አይደለም። በዚህ ሞተር ላይ ካሚቻው፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ ማለቴ ነው፣ ውሃ ውስጥ ነው የቆመው። ውሃው ካሚቻውን ከውጭ ዙሪያውን ያቅፈዋል። ወደ ዘይቱ እንዳይወርድ የሚይዘው ከታች በኩል ያለው የጎሚኒ (የላስቲክ) ቀለበት ነው። ጎሚኒ ሲቆም ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ መያዝ ያቅተዋል።

ስለዚህ ሌላ ምንም ነገር ሳትፈታ ይህን አድርግ። ኮፓውን አውርድ። ራዲያተሩን በውሃ ሙላ። ከመኪናዋ ስር ካርቶን አንጥፍና ተኛ። ባትሪ አብራና ወደ ላይ እይ። ስድስቱንም ካሚቻ አንድ በአንድ። ከየትኛው ካሚቻ ስር ጠብ እንደሚል ዓይንህ ይነግርሃል። ቶሎ ላይወርድ ይችላል። ማታ ሞልተህ ጠዋት እየው። ከስድስቱ በየትኛው ስር ካርቶኑ እንደራሰ ታገኛለህ።

ሞተር ለመጣል ሁልጊዜ ጊዜ አለ።

የሶማሌ ተራዋ (አዲስ አበባ) — ጥቅምት 10፣ ቀን 7:30

እኛ ቤት መለዋወጫ መሸጥ ከአባታችን የወረስነው ሥራ ነው። የጎሚኒውን ነገር በተመለከተ አንድ ምክር አለኝ።

ወንድሜ፣ ስትመጣ ልኩን በወረቀት ጽፈህ አትምጣ። አሮጌውን ጎሚኒም ብቻ ይዘህ አትምጣ። የደረቀ ጎሚኒ ወይ ይጠባል ወይ ይለጠጣል፤ ልኩን አታምነውም። ካሚቻውን ራሱን ይዘህ ና። ቀለበቱ የሚቀመጥበትን ቦይ ስፋትና ጥልቀት ለክተን ነው የምንሰጥህ። ጎሚኒው ደግሞ ሙቀትና ዘይት የሚችል መሆን አለበት። ለቧንቧ የሚሆነውን ቀለበት «ያው ነው» ብሎ የሚሸጥልህ ሰው አይጠፋም። ያው አይደለም። ከጥቂት ወር በኋላ ያብጥና ይበጣጠሳል።

የኤንትሬ ዕቃ የለም የሚባለው ትክክል አይደለም። ይቀንሳል እንጂ አለ። መገጣጠሚያ ፋብሪካው አምቼ ለስንት ዓመት ጉርድ ሾላ ሲገጣጥም ነው የኖረው፤ አገሪቱ ውስጥ የቀረው ዕቃ ቀላል አይደለም። ብቻ ፈላጊው ጊዜ ሰጥቶ መዞር አለበት።

የሾፌር ልጅ — ጥቅምት 17፣ ምሽት 1:50

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሉኝን አንድ በአንድ አደረግኩ።

የቫልቮላው ክዳን ስር ነጭ ነገር የለም። ጥቁር ዘይት ብቻ።

ኮፓውን ለማውረድ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ። ማታ ራዲያተሩን ሞላሁ። ተኝቼ ባትሪ ሳበራ ለ20 ደቂቃ ምንም የለም። ተስፋ ቆርጬ ልወጣ ስል አራተኛው ካሚቻ ጫፍ ላይ አንዲት ነገር አብለጨለጨች። ቀስ ብላ አበጠች። ተንጠለጠለች። ግንባሬ ላይ ወደቀች። ሌላዋ እስክትመጣ በሰዓት ቆጠርኩ፣ 3 ደቂቃ ከምናምን።

ጠዋት ካርቶኑን ሳየው አራተኛውና አምስተኛው ስር ርሷል። ሌሎቹ ስር ደረቅ ነው።

ቴስታውን አወረድኩ። ስንጥቅ የለበትም። በቴስታውና በብሎኩ (በሞተሩ አካል) መካከል ያለው ጓርኒሲዮንም ጤነኛ ነው። አራተኛውን ካሚቻ በጎረቤት እርዳታ ሳወጣው ጎሚኒው እንደ ደረቀ ቆዳ በእጄ ተሰባበረ። እስካሁን ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አስደንግጦኛል። የካሚቻው ውጫዊ ገጽ በአንድ ወገን ብቻ ተበሳስቷል። ነቀዝ የበላው ባቄላ ይመስላል። አንዳንዱ ቀዳዳ የክብሪት እንጨት ጫፍ ይውጣል። ውስጡ ግን ለስላሳ ነው። ይሄ ዝገት ነው? ሁሉንም ልቀይር?

17 ቁልፍ — ጥቅምት 18፣ ጠዋት 12:50

ልጄ፣ ጥሩ ሠርተሃል። አሁን የኛን ሙያ ትልቅ ነገር አየህ።

ዝገት ቢሆን ዙሪያውን እኩል ይበላ ነበር። ያንተ በአንድ ወገን ነው፤ እሱም ፒስተኑ ተነድቶ የሚመታው ወገን ነው። ናፍታ ሲቃጠል ፒስተኑ ካሚቻውን ወደ ጎን ይመታዋል። ካሚቻው ይርገበገባል። በተርገበገበ ቁጥር ከውጭ የነካው ውሃ ለቅጽበት ይሸሽና ጥቃቅን አረፋ ይፈጠራል። አረፋዋ ስትፈነዳ ብረቱን እንደ መርፌ ትወጋዋለች። ይህ በደቂቃ ስንት ሺህ ጊዜ ነው። በዓመታት ብረቱን ይበሳዋል። ብዙ ሞተር «ቴስታ ነው» ተብሎ ሲፈታ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያባብሰው ተራ ውሃ ነው። የኛ ሾፌሮች ውሃ ሲጎድል ከወንዝ፣ ከኩሬ፣ ካገኙት ይሞላሉ። ምን ያድርጉ፣ በረሃ ላይ ሌላ ምን ነበራቸው? አንተ ግን ዛሬ አማራጭ አለህ። ለራዲያተር የተሠራውን ፈሳሽ ግዛና ከተጣራ ውሃ ጋር እንደተጻፈው ቀላቅል። ካሚቻውን ይጠብቅልሃል። አንተ ያለኸው ደግሞ ደብረ ብርሃን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,840 ሜትር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል። ሌሊት ውሃው ብሎኩ ውስጥ በረዶ ሆኖ ቢረጋ ብረት ይሰነጥቃል። እስከዚያው ራዲያተሩንም ብሎኩንም አፍስሰህ ባዶ አድርጋቸው። የብሎኩ ማፍሰሻ በጎን በኩል ለብቻው ነው፤ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

አራተኛውና አምስተኛው ይቀየሩ። ሌሎቹን አውጥተህ እይ። ከተበሱ ቀይር፤ ካልተበሱ ሩብ ዙር አዙረህ መልሳቸው፤ የሚመታው ወገን ይቀየራል። ጎሚኒ ግን ለስድስቱም አዲስ።

371 — ጥቅምት 18፣ ምሽት 3:20

ጋሼ፣ ይህን ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። 8 ዓመት ስነዳ ውሃ ብቻ ነበር የምሞላው። ነገ እቀይረዋለሁ።

ሞተር ቀይር ያልኩትን አንስቻለሁ፤ ሁለት ካሚቻ ብቻ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ወንድሜ፣ ግን ከማስነሳትህ በፊት የናፍታ ፖምፓውን አስመርምረው። የአክስቴ ልጅ ብዙ ዓመት የቆመ መኪና ሲያስነሳ ፖምፓው ውስጥ ናፍታ የሚመጥነው ዘንግ ሙሉ ላይ ተጣብቆ ኖሯል። ሞተሩ ተነስቶ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ቁልፍ ቢዘጉት አልሰማ አለ። ናፍታ ሞተር የኤሌክትሪክ እሳት በመቁረጥ አይደለም የሚቆመው፤ ናፍታ ካገኘ ራሱን እስኪሰብር ይሮጣል። በመጨረሻ ቢዬላው ብሎኩን በስቶ ወጣ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን።

ስትቀሰቅሳት አንድ ሰው ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ አየር መሳቢያው ጋ ይቁም። ከሸሸች አፉን ይክደነው። በእጁ እንዳይሞክር፤ ስቦ ይይዘዋል።

የመንገድ ሰው (ዴንቨር) — ጥቅምት 20፣ ምሽት 5:10

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። እዚህም ከባድ መኪና ነው የምነዳው። ከመምጣቴ በፊት ግን በኤንትሬ ረዳት ነበርኩ፣ የሚሌን መንገድ አውቀዋለሁ። ይህን ክር ሌሊት እያነበብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ሁላችሁም ስለ ሞተር ነው የምታወሩት። እኔ ስለ ጎማው ልናገር፤ የሚገድለው እሱ ነውና።

የኤንትሬ ቸርኬ (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) እንደ ዛሬዎቹ አንድ ወጥ አይደለም። ኮፐርቶኑን፣ የውጭውን ጎማ፣ የሚይዘው የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ በቦዩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካልተቀመጠ፣ ወይም ቦዩ ከዛገ፣ ንፋስ ሲሞላ ይወነጨፋል። ጓደኛዬ መንገድ ዳር ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ለጥፎ ሲነፋ አጠገቡ ነበርኩ። ውሃ ላመጣለት ዞር ባልኩበት ድምጽ ሰማሁ። ቀለበቱ ቀኝ ክንዱን ሰበረው። ፊቱን ቢያገኘው ኖሮ አይተርፍም ነበር። እስከ ዛሬ ያ እጁ ብርጭቆ አያነሳም።

11 ዓመት የቆመ ጎማ ካለህ እንዲህ አድርግ። ከመፍታትህ በፊት ከቫልቩ ውስጥ ያለችውን መርፌ አውጥተህ ንፋሱን ጨርሰው። ጥንድ ከሆነ የሁለቱንም። ቀለበቱንና ቦዩን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ድረስ ጥረገው። የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ቀለበት ቀጥቅጠህ አታቃና፤ ጣለው። ስትሞላ ጎማው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ይሁን፤ ከሌለ በወፍራም ሰንሰለት እሰረው። ቱቦውን አስረዝመህ ከጎን ቁም። ከፊት ለፊቱ ማንም አይቁም። ልጆች ግቢ ውስጥ ካሉ አስወጣቸው።

ሌላው የፍሬን ሸራው ነው። የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ አለበት። ታምቡሩን ስትከፍት ውስጡ ያለውን አመድ የመሰለ አቧራ በንፋስ አትንፋው። እኛ ስንነፋው ነው የኖርነው፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ እንደሚቀር ማንም አልነገረንም። በውሃ አርጥበህ በጨርቅ ጥረግ፤ ጨርቁንም ላስቲክ ውስጥ አስረህ ጣለው።

እዚህ አገር አሮጌ ከባድ መኪና ማደስ ትልቅ ነገር ነው። ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማኅበር አላቸው። በበጋ ጡረታ የወጡ ሰዎች የ1950ዎቹን ማክ አሳምረው ይዘው ይወጣሉ። አንዱ ሽማግሌ የአባቱን ማክ ቢ 61 ሞተር ሲያስነሳ ቆሜ አየሁ። የኛዎቹ ትዝ አሉኝና ዓይኔ እንባ ሞላ። እኛ ጋ ለብረት ተቆርጠው አለቁ። ያንተዋን አደራ።

የመኪና ታሪክ ወዳጅ (ጎንደር) — ጥቅምት 21፣ ቀን 9:00

በኤንትሬ ፍቅር ለተያዛችሁ ትንሽ ታሪክ። ፊያት 682 መሠራት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ኤንትሬው፣ ማለትም ሦስተኛው ዓይነት፣ በ1962 እ.ኤ.አ. መጣ። ስሙም ጣልያንኛ ነው፤ ትሬ ሦስት ማለት ነው። 6 ሲሊንደር፣ 11.5 ሊትር ሞተር። አፍሪካ ውስጥ ስለበዛ የአፍሪካ ንጉሥ የሚል ቅጽል ወጣለት። ጣልያኖቹ ራሳቸው ግን ባፎ ይሉታል፣ ሪዛም እንደማለት፤ ፊቱ ላይ ካለው ጌጥ የተነሳ። እኛ ከሱ በፊት የምናውቀው ትሬንታ ኳትሮ ደግሞ ፊያት 634 ነው፣ የ1930ዎቹ ሥራ። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ሲያቃስት የሰሙት አያቶቻችን ናቸው።

መምህር፣ የፊት ሪዟ አለ ወይስ ተነቅሏል?

የሾፌር ልጅ — ጥቅምት 21፣ ምሽት 2:15

አለ። ግራ ጫፉ ተጣሟል፤ አባቴ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ በሬ ገጭቶ ነው። እንዲቃና አልፈልግም።

የመንገድ ሰው፣ ወንድሜ፣ የጻፍከውን አትሜ ጋራዡ በር ላይ ለጠፍኩት። ጎማዎቹን ለማንም አላስነካም፤ የከተማችን ጎሚስታ የብረት ፍርግርግ አለው፣ እሱ ጋ እወስዳቸዋለሁ።

የሾፌር ልጅ — ኅዳር 22፣ ምሽት 3:30

አንድ ወር ጠፍቼ ነበር። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የሶማሌ ተራዋ እህታችን ጋ ካሚቻውን ተሸክሜ ሄድኩ። ሁለት ካሚቻና 6 ጥንድ ጎሚኒ አገኘሁ። ቦዩን ለካች፣ አንዱን ዓይነት አልሆነም ብላ መለሰች፣ ሌላ አመጣች። አመሰግናለሁ እህቴ።

ካሚቻዎቹን የሚያስገባልኝ ሰው ፈልጌ አንድ ቶርኖ ቤት የሚሠራ ልጅ ወሰድኩ። ስሙን አልጠራም። በግማሽ ቀን ስድስቱንም መትቶ አስገባ። ቴስታውንም ወዲያው ልሰር አለ። እኔ ግን ጋሼ ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው የጻፉትን አስታወስኩ፣ «የካሚቻው አንገት ከብሎኩ በላይ ስንት እንደወጣ ሳትለካ ቴስታ አትሰር»። ልጁ ተናደደ። ከፍዬው ሄደ።

ቀጥ ያለ ብረት አስቀምጬ በክፍተት መለኪያ ምላጭ ለካሁ። አምስቱ ተቀራረቡ። አራተኛው ግን ከፍ ብሏል። ያውም አዲሱ! ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ለካሁት።

17 ቁልፍ — ኅዳር 23፣ ጠዋት 1:00

ልጄ፣ ሒሳብ አስተማሪ መሆንህ እዚህ ጠቀመህ።

ነገሩ በሚሊሜትር መቶኛ የሚቆጠር ነው። ካሚቻው ትንሽ ከፍ ማለት ያለበት ጓርኒሲዮኑን አንቆ እንዲይዝ ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከፍ ካለ ቴስታው እሱ ላይ ያርፍና ከጎኑ ያሉት ጋ አይታነቅም፤ እሳቱ በዚያ በኩል ይሾልካል። ሺህ ኪሎ ሜትር ሳትሄድ ጓርኒሲዮን ይበላሃል። ያኔ ሰው «አሮጌ ሞተር ስለሆነ ነው» ይልሃል።

ብሎኩ ላይ ካሚቻው የሚቀመጥበትን እርከን እየው። ከአሥር ጊዜ ዘጠኙ ከስር የቀረ ቆሻሻ ወይም ዝገት ነው። ካሚቻውን አውጣ፣ እርከኑን አጽዳ፣ ያለ ጎሚኒ ለብቻው አስቀምጠህ ለካ። ካጸዳኸው በኋላ ዝቅ ካለ ብሎኩ ተበልቷል ማለት ነው፤ ለዚህ የሚሠራ ስስ የብረት ቀለበት አለ፣ ከስር ይደረጋል። ቀጭን ነው፤ ወረቀት ቆርጠህ እንዳታደርግ፣ አይቼ አውቃለሁ።

ስታስገባ ጎሚኒውን በሳሙና ውሃ አልስልሰው። በመዶሻ አትምታ። በሁለት እጅህ ጫን፤ ጎሚኒው ካልተጣመመ ይገባል። ቴስታውን ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር እሰር፤ የመጨረሻው ዙር የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ኪሎ ቁልፍ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ቸኩሎ የሠራልህን ሰው አትቀየመው፣ መቸኮልን ነው ያስተማሩት።

የሾፌር ልጅ — ታኅሣሥ 14፣ ምሽት 4:45

ዛሬ ተነሳች።

አራተኛው ስር ዝገት ነበር፣ እንዳሉት። አጽድቼ ስለካው ከሌሎቹ ጋር እኩል መጣ። ቀለበት አላስፈለገም። ፖምፓውን አዲስ አበባ ወስጄ አስመረመርኩ፤ ዘንጉ እውነትም ተጣብቆ ነበር። 371 ወንድሜ፣ አንተ ባትናገር ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። የናፍታ ታንከሩን አውርጄ ታጠበ፣ ከታቹ ጭቃ ወጣ። ፊልትሮዎች አዲስ። ራዲያተሩ ውስጥ ቀይ ፈሳሽ።

ጎረቤቴ ጣውላ ይዞ አየር መሳቢያው ጋ ቆመ። ናፍታውን ዘግቼ በሞተሪኖ ብቻ አዞርኳት፤ የዘይት ግፊቱ መርፌ እስኪነሳ። ተነሳ! ከዚያ አየሩን ከፊልትሮው ጀምሬ አወጣሁ። አረፋው አልቆ ናፍታው ቀጥ ብሎ ሲፈስ ጠበቅኩና ሁሉንም አጠበቅኩ።

ጠዋት 4 ሰዓት ነበር። ፀሐይ ወጥታ ውርጩ ለቋል። ቁልፉን ሰጠሁ። አንድ ሲሊንደር መታ። ዝም አለ። ሁለት መታ። ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው። ከዚያ ስድስቱም ተያያዙ። ያ ድምጽ መጣ፣ ከታች ከሆድ የሚወጣው ድምጽ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

እናቴ ከማድ ቤት ወጣች። እጇ ሊጥ ነው። ምንም አላለችም። ጋቢናው ጋ መጣችና በሩ ላይ መዳፏን አሳረፈች። ሊጡ ታትሞ ቀረ። አልጠረግኩትም።

ጋሼ፣ ነዳጅ ሰጥ ሳደርግ ትንሽ ጥቁር ጭስ አለ። ጉድለት ነው?

17 ቁልፍ — ታኅሣሥ 14፣ ምሽት 5:20

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለህ። ለእናትህም ሰላምታ አቅርብልኝ።

ጭሱ አያሳስብህ። አንተ ያለህበት ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ አይሞላም። ይህ ሞተር ተጨማሪ አየር የሚገፋለት ቱርቦ የለውም። ናፍታው ያው ሲሆን አየሩ ሲያንስ ጥቁር ይላል። አባትህ ከአሰብ ተነስቶ ጣርማ በር ሲደርስ ጉልበቷ የሚወርደው ለዚህ ነበር።

አሁን አትንዳት። በደንብ ካሞቅካት በኋላ አጥፋ። ሌሊቱን ትደር። ነገ ጠዋት፣ ሳትነካት ሳታስነሳት፣ የኮፓውን ቡሎን ግማሽ ዙር ብቻ ፍታ። መጀመሪያ ምን እንደሚወርድ እይ። እሱን ንገረኝ።

የመንገድ ሰው — ታኅሣሥ 14፣ ሌሊት 7:00

የሊጡን እጅ አንብቤ መኪናዬን ዳር ይዤ ቆሜያለሁ። ድምጿን ቀርጸህ ልቀቅልን ወንድሜ። እባክህ።

የሾፌር ልጅ — ታኅሣሥ 15፣ ጠዋት 12:35

ገና እየነጋ ነው። ሳሩ ላይ ውርጭ አለ። ነጭ ሳህን ከስር አድርጌ ቡሎኑን ግማሽ ዙር ፈታሁ።

ዘይት ነው። ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሮ ዘይት።

17 ቁልፍ — ታኅሣሥ 15፣ ጠዋት 12:50

በል ቡሎኑን አጥብቅ። ቅዳሜ የኋላውን ግራ ታምቡር ክፈትና የፍሬን ሸራውን ውፍረት ለክተህ ጻፍልኝ። አቧራውን አርጥበው።